ጉና በሳንባ ብቻ አይወጣም

ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ሲጫወቱ፣ የእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች ከእረፍት መልስ ትንፋሽ አጥሯቸው ወገባቸውን ሲይዙ ያየ ደጋፊ «ከፍታው ሠራልን!» ይል ነበር። ይኸው እምነት ወደ ተራራ ሩጫም ይሻገራል። በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ደብረ ታቦር ተወልዶ ያደገና ዳገት ቁልቁለቱን እየወጣ እየወረደ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ወጣት፣ በርካታ ተራሮችን በአንድ ቀን ለማዳረስ ምን ዝግጅት ያሻዋል? የሚል አይጠፋም።

ያሻዋል፤ ያውም ብዙ።

እ.ኤ.አ. በ1932 ቦብ ግራሃም የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት 42 ተራሮችን በ24 ሰዓት ውስጥ አዳርሶ ተመለሰ። መንገዱ 106 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ብቻ ሲደመር ከ8,000 ሜትር ይበልጣል። ዛሬም ዙሩ በስሙ ይጠራል። የሚገርመው ግን ከተራሮቹ ሁሉ የሚረዝመው 978 ሜትር ብቻ መሆኑ ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ አይደርስም። ሯጩን የሚጥለው ከፍታው ሳይሆን የመውጣትና የመውረዱ ብዛት ነው።

ለዚህም ነው ሯጮቹ ወራት የሚዘጋጁት። መንገዱን በአምስት ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል አስቀድመው ይረግጡታል። ጭጋግ ሲወርድ በየት እንደሚታጠፉ፣ ውኃ የት እንዳለ፣ ምግብ ማን እንደሚያቀብላቸው ያውቃሉ። ስፔናዊው ኪሊያን ዦርኔ እ.ኤ.አ. በ2018 በ12 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ጨርሶ ለ36 ዓመት የቆየውን ክብረ ወሰን ሲሰብር እንኳ፣ የአካባቢው ሯጮች እየተፈራረቁ አጅበውታል። የዓለም ኮከብ ነኝ ብሎ ብቻውን አልገባም።

ቁልቁለቱም ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል። ዳገት ሳንባን ይፈትናል፣ ቁልቁለት ደግሞ ጭንና ጉልበትን ያደቃል። በጎዳና ሩጫ የሠለጠነ እግር ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ከሦስተኛው ተራራ በኋላ ቢከዳ አይደንቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ታይላንድ ቺያንግ ማይ ላይ በተካሄደው የዓለም የተራራና የትሬይል ሩጫ ሻምፒዮና ኬንያና ዩጋንዳ ወርቅ ወስደዋል። የኢትዮጵያ ስም ግን እስካሁን ገኖ የሚጠራው በትራክ፣ በጎዳናና በአገር አቋራጭ ነው።

ደቡብ ጎንደር ተራራ አልጎደለበትም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ የሆነው ጉና ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ ተዘርግቷል። በጓሳና በጅብራ የተሸፈነው አናቱ ግን የሚቀለድበት አይደለም። ፀሐይ የነበረው ሰማይ ድንገት ጭጋግና በረዶ ሊያወርድ ይችላል። ላብ ያረጠበው ስስ ማሊያ ደግሞ እዚያ ላይ ሰው ይገድላል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቻይና ጋንሱ ግዛት በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ውድድር፣ ድንገተኛ ብርድ፣ ዝናብና ነፋስ የ21 ሯጮችን ሕይወት ቀጥፏል። ከሟቾቹ አንዱ በአገሩ ስመ ጥሩ የነበረው ሊያንግ ጂንግ ነው። ዝናም ሆነ ጉብዝና ከብርድ አላዳነውም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ባለበት ሁኔታ ስለ ትልቅ ውድድር ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሰላም ሲሰፍን ባነር ሰቅሎ፣ ቲሸርት አድሎ፣ ልጆቹን ወደ ጉና መስደድ ከሁሉም የከፋ ስህተት ይሆናል። አሰልጣኞች ስለ ቁልቁለት ልምምድ ካሁኑ ይማሩ። ውድድር የሚያዘጋጅ ወገን መንገዱን ከአካባቢው እረኞች ጋር ይርገጠው፤ መጠለያው፣ የሕክምና ጓዱና ውድድሩን የማቋረጥ ሥልጣን ያለው ሰው አስቀድመው ይወሰኑ። ሯጩም ሙቅ ልብስና የዝናብ ካፖርት ሳይዝ እንዳይነሳ ይከልከል።

አካባቢው ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1868 ባሉት ወራት ተራራና ገደል አቋርጦ መቅደላ ደርሷል። የደረሰው በጉልበት ብቻ አልነበረም። ከመድፉ ፊት ፊት መንገድ ይጠረግ ነበር።

ለጉና ሯጮችም መጀመሪያ መንገዱ ይጠረግላቸው።