«ሁሉ» የምትለዋ ቃል



«ኢንዛይም ሁሉ ፕሮቲን ነው» የምትለዋን ነገር ዛሬም በየክፍሉ ስንሸመድዳት አያለሁ። ከወደቀች ግን 40 ዓመት አልፏታል። በ1982 እ.ኤ.አ. ቶማስ ቼክና ባልደረቦቹ ራሱን ቆርጦ ራሱን የሚቀጥል አርኤንኤ አሳዩ። በ1983 ደግሞ ሲድኒ አልትማንና ባልደረቦቹ ማግኒዥየም በዛ ሲደረግለት ያለ ፕሮቲን እርዳታ የሚሠራ ሌላ አርኤንኤ አሳዩ። ሁለቱ በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ማግኒዥየም ምን አገባው? የአርኤንኤ ጀርባ በፎስፌት የተሞላ ነው፤ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው እርስ በርሱ ይገፋፋል። ፖዘቲቩ የማግኒዥየም አዮን መሃል ገብቶ ያበርደዋል፣ አርኤንኤውም ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል። በቼክ አርኤንኤ ላይማ ከዚህም ያልፋል፦ ቦንዱ የሚበጠስበት ቦታ ላይ ሆኖ የሚመጣውን ኦክስጅን ያነቃል፣ የሚለቀውንም ያረጋጋል።

ለቤተ ልሔም ሰው ይሄ አይከብደውም። የድጓ ፊደል ያለ ምልክቱ ይነበባል እንጂ መች ይዜማል?

ደግሞ «አርኤንኤ ሁሉ ማግኒዥየም ይፈልጋል» ብላችሁ እንዳትሸመድዱ! ሀመርሄድ የሚባለው ትንሹ፣ ሊቲየም በብዛት ካገኘ ያለ ማግኒዥየምም ይሠራል።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ተማሪ «ለምን?» ሲለን «ለፈተና አያስፈልግም» አንበለው። የሸመደደው ከፈተና በኋላ ይጠፋዋል፤ ምክንያቱን የያዘ ልጅ ግን የማያውቀው ጥያቄ ቢመጣበትም አስቦ ይደርስበታል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?