ንጹሑን መስመር የሚከስ ቀስት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ አንድን ጤነኛ መስመር ሦስት ጊዜ አጥፍታ ስትጽፈው ቆሜ አየሁ። ኮዷ አጭር ናት። በመጀመሪያው መስመር የጤፍና የስንዴ ዋጋ በቅንፍ አስቀምጣለች፤ ከመጨረሻው ዋጋ በኋላ ኮማ አድርጋ መዝጊያውን ቅንፍ ረሳችው። ቀጥሎ «ድምር = 0» ይላል። የቤተ ሙከራው አሮጌ ፓይዘን ቀስቱን ከእኩል ይሆናል ምልክት ሥር ተክሎ «መስመር 2፣ ኢንቫሊድ ሲንታክስ» አላት። አመነችው። አጠፋች፣ ጻፈች፤ ያው ነው። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ እኮ ምንም ስህተት የለም፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ፣ ዓይኗ ዕንባ እያቀረረ።

ልክ ነበረች! ፓይዘን ያሳያት ስህተቱ ያለበትን ሳይሆን እሱ ግራ የገባውን ቦታ ነው። ሌባውን ለቆ ጎረቤቱን ማሰር ይሉሃል ይህ ነው።

«ፕሮግራመር አንድ መስመር ወደ ላይ ማየት ይልመድ» የሚሉ አሉ። አልቀበልም። ፓይዘን ቅንፍ ሳይዘጋ መስመር ቢቀየር ሐሳቡ አላለቀም ብሎ ያነባል፤ ለዚህም ያልተዘጉ ቅንፎችን የግድ ይቆጥራል። አንድ ቅንፍ ክፍት መቅረቱን እየቆጠረ ነው እንግዲህ ዝም ያለው! ቋንቋው በ1991 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ቀስቱን መክፈቻው ቅንፍ ላይ አድርጎ «ይህ አልተዘጋም» ያለው በጥቅምት 2021፣ በስሪት 3.10 ነው። ሠላሳ ዓመት! ስንቱ ጀማሪ በዚህ መሃል «ጭንቅላቴ ለኮድ አልተፈጠረም» ብሎ ተነሥቶ ሄደ?

የራሳችን ፊደል የሚያመጣው ጣጣም አለ። ኪቦርዱን ከአማርኛ መመለስ የረሳ ልጅ በኮለን ፋንታ ሁለት ነጥብ (፡) ይጽፋል፤ በዓይን መንታ ናቸው። ድሮ ፓይዘን «ስያሜው ውስጥ የማይፈቀድ ፊደል አለ» ብሎ ያልፍ ነበር። የቱ ፊደል? አይናገርም። ከ3.9 ወዲህ ግን ምልክቷን ራሷን ከዩኒኮድ ቁጥሯ 1361 ጋር አውጥቶ ያሳያል። ይቻል ነበር ማለት ነው!

ታዲያ አዲሱ በነፃ እያለ አሮጌውን ታቅፎ ልጅ ማስለቀስ ምን የሚሉት ማስተማር ነው? «ስርዓተ ትምህርቱ የተዘጋጀው በዚያ ነው» ተባልኩ። የተማሪዬ ዋጋና ድምር በየትኛውም ስሪት ያው ነው። ነገ በጠዋት ገብቼ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አድሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ ኮዷን ሳትነካ፣ ቅንፉም እንደተከፈተ።