መድኃኒቱ ከእህላችን ማሳ ይራቅ

በዘር ማዳቀልና በእርሻ ምርምር አብረን ያረጀን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬም በየኮሚቴው ትጠራላችሁ፤ ቃላችሁም ይሰማል። ስለዚህ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር እግዜር ይጠይቀኛል።

በዕፅዋት ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን ማምረት እንደሚቻል የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 በትምባሆ ተክል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲፈጅ ለጥቂት ሕሙማን የተሰጠው ዚማፕ የተሠራው በኬንታኪ ግዛት፣ ኦወንስቦሮ ከተማ፣ በትምባሆ ዘመድ ቅጠል ነበር። አሠራሩን ልብ በሉ፦ ተክሉ ግሪንሃውስ ውስጥ ያድጋል። ቁልቁል ተዘቅዝቆ ባክቴሪያ ባለበት ፈሳሽ ይነከራል። አየሩ በመሣሪያ ተመጥጦ ሲለቀቅ ፈሳሹ ቅጠሉ ውስጥ ይሰርጋል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ቅጠሉ ታጭዶ ይፈጫል፤ መድኃኒቱም ተጣርቶ ይወጣል። የገባው ዘረመል ወደ ዘር አይተላለፍም፤ ተክሉም የማንም ቀለብ አይደለም። ይህን አልቃወምም።

የምፈራው ሥራው ወደ በቆሎና ወደ ሩዝ ሲሻገር ነው። ባለሙያዎቹን የሚስባቸው ነገር ግልጽ ነው፤ ደረቅ ፍሬ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሳይበላሽ ይቆያል፤ የማሳ ምርትም ርካሽ ነው። አደጋውም ያለው እዚያው ፍሬ ላይ ነው። የቴክሳሱ ፕሮዲጂን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ነብራስካ ውስጥ የአሳማ ክትባት የሚሰጥ በቆሎ ዘርቶ ሞከረ። በዓመቱ እዚያው ማሳ ላይ አኩሪ አተር ሲዘራ፣ ረግፎ የቀረው በቆሎ በመካከሉ በቀለ። ከዚያ ማሳ የተሰበሰበው አኩሪ አተር 500 ቡሼል ገደማ ብቻ ነበር። ጎተራ ገብቶ ከሌላው ጋር በመቀላቀሉ ግን ወደ 500,000 ቡሼል፣ በእኛ ልክ 136,000 ኩንታል ያህል፣ ታገደ። ኩባንያው 250,000 ዶላር ተቀጣ፤ የማስወገጃውን ወጪም እንዲሸፍን ተደረገ።

ይህ የሆነው ተቆጣጣሪም፣ ላቦራቶሪም፣ ካሣ የሚከፍል ገንዘብም ባለበት አገር ነው። በእኛ አገር ቢሆንስ? በቆሎ በነፋስ ይዳቀላል። ገበሬው ጥሩ ጥሩውን መርጦ ከነልባሱ ከምድጃው በላይ ይሰቅላል፤ ለከርሞ ይዘራዋል፤ ለጎረቤት ያበድራል፤ የተረፈውን ገበያ ያወጣል። መድኃኒት ያለበት ፍሬ ደግሞ በዓይን አይለይም። አንዴ ከገባ ማን ለቅሞ ያወጣዋል? ለሕፃን ገንፎ የሚሆነውን ዱቄት ማን ይመረምራል?

የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ጥብቅ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሎ ላላ። ሕጉ ሲላላ የእኛ ፊርማ መጥበቅ አለበት። «ሕይወት የሚያድን ነገር አታዘግዩ» እንደሚሏችሁ አውቃለሁ። ዚማፕ ራሱ በኋላ በኮንጎ በተደረገው ሙከራ፣ በእንስሳት ሕዋስ ከተሠሩ ሁለት መድኃኒቶች አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ሕሙማንን ለማዳን የእህል ማሳን አሳልፎ መስጠት ግዴታ አይደለም።

ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ተክሉ ይበላል ወይ? የሚያድገው በዝግ ቤት ነው ወይስ በሜዳ? ቢያመልጥ ገበሬውን የሚክሰው ማን ነው? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ ጉዳዩን አታሳልፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሰብሉ የሚበላ ከሆነ ፈጽሞ አትፈርሙ።