አሮጌው አልማዝ አይሞረድ

ከአያት የወረደ የእጮኝነት ቀለበት ይዞ ጌጥ ሠሪ ዘንድ የሚሄድ ሰው «ፈርጡ ያረጀ ቅርጽ ነውና እንደ አዲስ ይሞረድ» ሊባል ይችላል። እኛ ይህን ምክር እንቃወማለን። (አልማዝ ለተማሪ ምኑ ነው የሚለን ቢኖር፥ የእጅ ጥበብ ታሪክ ነውና ይመለከተናል።)

ማርሴል ቶልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1919 የክብ አልማዝን ልክ በሒሳብ ቀምሮ አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው ሠራተኛ ግን በአብዛኛው ዓይኑን አምኖ፥ ጥሬው ድንጋይ የሰጠውን ቅርጽ ተከትሎ ይሞርድ ነበር። አናቱ ከፍ፥ የላይኛው ገጹ ጠበብ ያለው ይህ አልማዝ በሻማ ብርሃን ሰፋፊ የቀለም ብልጭታ ይሰጣል። ይህ ጉድለት ነውን?

መሞረድ የሚያስከትለውን ለማየት ኮሂኑርን እናስታውስ። እንግሊዞች በ1849 ከላሆሩ ሕፃን ንጉሥ ወሰዱት፤ በ1851 ለንደን ላይ ለሕዝብ ቢያሳዩት «አያበራም» ተባለ፤ በ1852 አስሞረዱት። በዛሬው ሚዛን 191 ካራት ገደማ የነበረው 105.6 ሆኖ ወጣ። መቀማቱ ሳይበቃ መላጨት!

የአያት ቀለበትም ትንሽ ይሁን እንጂ ዕጣው ይኸው ነው፤ ክብደቱም የዘመኑ ምልክትም አብረው ዱቄት ይሆናሉ። ፈርጡን የያዘው ጥርስ ከላላ ይጥበቅ፥ ወርቁም ይወልወል። ድንጋዩን ግን ተዉት።