ኢሜይል ውስጥ ቪዲዮ የለም

«ኢሜይሉ ደረቅ ሆነ፤ ቪዲዮ ይግባበት።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር በሥራዬ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ቡና ቆልቶ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ይላታል። ለዳያስፖራ ልጆች በኦንላይን አማርኛ የሚያስተምር ወጣት ይላታል። ከሁሉም በላይ ግን ከውጭ አገር ወገን ገንዘብ የሚያሰባስቡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሏታል። እኔ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ፤ እንጀራዬ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቀጥሎ የምለው ነገር የራሴን ገበያ የሚዘጋ ይመስላል። ይዝጋ።

የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኢሜይል ውስጥ ቪዲዮ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ፎቶ ነው። ሁለተኛ፣ ይህን እያወቅን እንደማናውቅ ስለምንሆን ሰው እየጎዳን ነው።

ከቴክኒኩ ልጀምር፣ አጭር ነው። ጂሜይል በኢሜይሉ ውስጥ የተከተተ ቪዲዮ አያጫውትም። ብዙ መሥሪያ ቤት የኖረበት የዊንዶውሱ አውትሉክ ከ2007 እትሙ ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በማይክሮሶፍት ወርድ ሞተር ነው፤ ለደብዳቤ መጻፊያ የተሠራ ፕሮግራም ቪዲዮ አጫውት ቢሉት ከየት ያመጣዋል? አፕል ሜይል ያጫውታል። ግን ተቀባያችሁ ኢሜይሉን በምን እንደሚከፍት የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ፋይሉን አባሪ አድርጎ መላክስ? ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፤ ቢያሳልፍስ ማን ያወርደዋል? በጊፍ መተካትም ይቻላል፤ ግን ጊፍ ድምፅ የለውም፣ ከ256 ቀለም በላይ አይዝም፣ በድሮዎቹ አውትሉኮች ደግሞ የመጀመሪያዋ ፍሬም ላይ ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ከቪዲዮው አንድ ፍሬም እንቆርጣለን፣ መሀሉ ላይ ያቺን ነጭ ሦስት ማዕዘን እናስቀምጣለን፣ ከሥሩ ሊንክ እናስራለን። የነካው ሰው ቪዲዮው ወዳለበት ገጽ ይሄዳል። ያልነካው ያየው ፎቶ ነው።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። በሴኮንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ 4,500 ፍሬም አለው። ወደ ሰዎች የኢሜይል ሳጥን የምትገባው አንዷ ብቻ ናት። የቀሩት 4,499 ክሊክ ላደረገ ነው፤ የማያደርገው ደግሞ ሁልጊዜ ይበዛል። እንግዲህ «ቪዲዮ በኢሜይል» የሚባለው ጥበብ ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ጥያቄ ይሆናል፦ የትኛዋን ፍሬም መረጥክ?

እኔ የመረጥኳትን ልንገራችሁ።

አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ የልብ ሕመም ያለባት የስድስት ዓመት ልጅ ለማሳከም ቪዲዮ አሠራን። እናቲቱን ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠን ወደ አንድ ሰዓት ያህል አዋራናት። ተረጋግታ ነው ያወራችው። ስለ አገሯ፣ ስለ መንገዱ፣ ልጅቷ ሩጫ እንደምትወድና አሁን ግን ደረጃ መውጣት እንዳቃታት ነገረችን። መጨረሻ ላይ አንዱ ባልደረባችን አንድ ጥያቄ ጨመረላት፤ «ሕክምናው ባይሳካስ?» አላት። አለቀሰች። ምናልባት ሃያ ሴኮንድ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና።

ፍሬሟ ከዚያ ወጣች። ማንም አላስገደደኝም። ኤዲት ሳደርግ እጄ ራሱ ወደዚያ ሄደ። «ይሄ ነው!» አልን። ነጯን ሦስት ማዕዘን ደረቷ ላይ አስቀመጥን፣ ላክን።

ከሳምንት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። እናቲቱ ነበረች።

«ወንድሜ፣ ያለቀስኩበትን ነው እንዴ የላካችሁት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተቀባዮቹ አንዱ ኢሜይሉን በስክሪንሾት ለጓደኛው ያጋራል፣ በደግነት ነው፣ እርዱ ለማለት። ስክሪንሾቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ታናሽ እህቷ ጋ በኢሞ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ጽሑፉ ተቆርጧል፤ የቀረው ፎቶው ብቻ ነው። እህትየው ሦስት ማዕዘኗን ደጋግማ ነካች። ፎቶ ነውና አይከፈትም። ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገች እህቷን አየች። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አይገባም። ደወለች፤ የእናቲቱ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። ሌሊቱን ሙሉ ልጅቷን ስታለቅሳት አደረች። በሕይወት ያለችውን ልጅ።

እኛ እኮ መርዶ የምንፈራ ሕዝብ ነን። ሰው የሞተበትን ሰው ብቻውን ሳለ አንነግርም፤ በስልክ አንናገርም፤ ዘመድ ተጠራርቶ፣ በማለዳ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የምናረዳው። ለዚህ ሁሉ ወግ ያለን ሰዎች አንዲት እናት እያለቀሰች ያለችበትን ፎቶ ያለ ማብራሪያ ለሺህ ሰው በአንድ ቁልፍ እንልካለን። ስሙንም «ኢንጌጅመንት» እንለዋለን።

«እህቴ፣ ቪዲዮው ውስጥ እኮ ሁሉም ነገር አለ» አልኳት።

«እሷ ቪዲዮ አላየችም፤ ፎቶ ነው የደረሳት» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ «ስቄም ነበር እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። ጥሬ ቀረጻውን ከፍቼ አየሁት። ልጅቷ የማይክራፎናችንን ፀጉራም ሽፋን ድመት ነው ብላ ትደባብሰዋለች፣ እናትየው ትስቃለች። ያንን ክፍል የቆረጥኩት እኔ ነኝ። «ስሜቱን ያበላሻል» ብዬ።

* * *

አሁን ተቃውሞው ይመጣል፤ ከራሴ አፍም ወጥቶ ያውቃል። «አንጀት ካልበላ ማን ይሰጣል? ልጅቷ ትዳን፣ ክብሩ በኋላ ይደርሳል።» ይሄ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ከኛም በላይ የሚያውቀው የለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና ካሜራማኑ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ከዚያ ባንድ ኤይድ መጣ፤ በዓመቱም እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ። ቪዲዮ እህል ሆኖ መጥቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን ሒሳቡ በዚያ አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ውጭ አገር ሄዶ ከየት ነህ ሲባል መልሱን ተከትሎ የሚመጣውን ፊት ያውቀዋል። ያ ፊት የሚያየው እሱን አይደለም፤ አንዲት ፍሬም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሦስት ማዕዘን ሥር የቆምን ሰዎች ነን። ይህን የኖረ ሰው፣ ተራው ሲደርስና ካሜራው እጁ ሲገባ፣ ያችኑ ፍሬም መልሶ ይመርጣል?

ደግሞ ኢሜይል ቴሌቪዥን አይደለም። የኮረሙን ዘገባ ያየው ሰው ማንንም ሳይመዘገብ ነው ያየው። የኢሜይል ዝርዝራችሁ ውስጥ ያለችው ነርስ ግን አድራሻዋን በእጇ ጽፋ የሰጠቻችሁ ሰው ናት። አገር ቤት እናት አላት፣ የምታስታምመው አጎት አላት፣ በየወሩ የምትልከው ገንዘብ አላት። እሷን በየሁለት ሳምንቱ በለቅሶ ብትቀሰቅሷት መጀመሪያ ትሰጣለች፣ ቀጥሎ ትሸሻለች፣ በመጨረሻ «ስፓም» የምትለዋን ትነካለች። ይህም ዋጋ አለው። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሕጋቸውን አጥብቀዋል፤ ጎግል የስፓም አቤቱታ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። ከሺህ ሰው ሦስት ማለት ነው። ሦስት ሰው ከሰለቸ፣ ሊረዳችሁ ዝግጁ ለሆነው ሰው የምትልኩት ኢሜይልም መድረሻው ቆሻሻ ሳጥን ሊሆን ይችላል።

«ግን ብዙ ሰው ከፈተው፣ ቁጥሩን አይተናል» ትሉኛላችሁ። የትኛውን ቁጥር? አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ባመጣው የግላዊነት መጠበቂያ ምክንያት የኢሜይሉ ምስሎች ሰውየው ሳይከፍተውም አስቀድመው ይወርዳሉ፤ መቁጠሪያችሁ «ተከፈተ» ይላል። የመሥሪያ ቤቶች የደኅንነት ማጣሪያ ደግሞ ሊንኩን ለመመርመር ራሱ ይነካዋል፤ «ክሊክ ተደረገ» ይላል። ማሽን ላለቀሰችው ሴት ደንታ የለውም። የሚታመነው ቁጥር የገባው ገንዘብ፣ የተጻፈው መልስና ከዓመት በኋላም አብሮ ያለው ሰው ነው።

* * *

ታዲያ ቪዲዮ ይቅር? አልልም። በትክክል ከተሠራ የሰው ድምፅና ፊት የሚተካው የለም። ግን እንዲህ ይሁን።

ኢሜይሉ ያለ ቪዲዮው ይቁም። ምስሉ ባይከፈት፣ ሊንኩ ባይሠራ፣ ጽሑፉን ብቻ ያነበበ ሰው ማን፣ ምን፣ ለምን እንደሆነ ይግባው። በምስሉ ምትክ የሚታየውን አማራጭ ጽሑፍም በቁም ነገር ጻፉት፤ «ምስል 1» ብሎ ነገር የለም። ጽሑፍ ርካሽ ነው። አንድ የፊደላችን ሆሄ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፣ ከላቲኑ ሦስት እጥፍ፤ ያም ሆኖ ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ሙሉው ከ30 ኪሎባይት አይበልጥም። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን ሜጋባይቶችን ይበላል። በፓኬጅ ለሚኖር አንባቢ ይህ የኪስ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ የቪዲዮውን ርዝመትና ክብደት ጻፉለት። ገብቶ ከመቃጠል አውቆ ይግባ።

የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው። ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ የሚከፍት ሰው ድምፅ አያወጣም። ብዙዎቹ ብራውዘሮችም ድምፅ ያለውን ቪዲዮ በራሱ እንዲጀምር አይፈቅዱም። እዚያ ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ እንጂ የማያነቡ ልጆች ካሉ ደግሞ በሚያነቡት ቋንቋም ይጻፍላቸው። ሊንኩ ወደ ራሳችሁ ገጽ ይሂድ። ወደ ዩቲዩብ ከላካችሁት፣ ቪዲዮው ሲያልቅ የሚቀጥለውን የምትመርጡለት እናንተ አይደላችሁም፤ ከልጅቱ ሕመም ወደ ኮሜዲ ይሻገራል።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ፍሬሟን ባለቤቷ ትያት። ቪዲዮውን ብቻ አይደለም የምላችሁ፤ ያቺን አንዷን ፎቶ፣ ሦስት ማዕዘኗ እንዳለችበት፣ በስልክ አሳይታችሁ «ይህን ለማታውቂያቸው ሰዎች ልንልክ ነው፣ ዘመድሽም ጋ ሊደርስ ይችላል» በሏት። ቀረጻ ላይ ያስፈረማችኋት ወረቀት ይህን አይተካም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ ባይኖርም ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገች ሴት መጠየቅ ነበረባት። እኔ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ደግሞ የተረሳው ቪዲዮ አለ፤ የውጤቱ ቪዲዮ። ጠያቂ ኢሜይል እንጂ ነጋሪ ኢሜይል አንልክም። ልጅቷ ታክማለች። ደህና ናት። ይህን የሰማሁት ከእናቲቱ ነው። ገንዘብ ለሰጡት ሰዎች የነገራቸው ኢሜይል ግን አልነበረም፤ ለለቅሶው በጀት ተይዞ ነበር፣ ለደስታው አልተያዘም። ደረጃ መውጣት ያቃታት ልጅ ደረጃ ስትወጣ አሥራ አምስት ሴኮንድ በስልክ ተቀርጾ፣ «አድርሳችሁልናል፣ እናመሰግናለን» ተብሎ ቢላክ ምን ያህል ያስወጣ ነበር? ለሚቀጥለው ልጅስ ስንት ሰው በደስታ ይሰጥ ነበር? አባቶቻችን «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላሉ። እኛ አንጀቱን ትተን እንባውን ብቻ ፍለጋ ነው የወጣነው።

ለድርጅቱ ደውዬ ፎቶውን በሳቀችበት እንቀይረው አልኳቸው። «ቀጣዩ ላይ እናየዋለን» አሉኝ። የሳቀችበትን ፍሬም ቆርጬ ለራሷ ላክሁላት። እሷ ጅዳ ላለችው እህቷ ላከችላት። እህትየው የስልኳ ስክሪን ላይ አድርጋዋለች አሉ። እስካሁን ከሠራኋቸው ምስሎች ሁሉ ግቡን የመታ ያልኩት እሱን ነው፤ ሊንክ የለውም፣ ሦስት ማዕዘንም የለበትም።

አሁን «ቪዲዮ ይግባበት» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ከዋጋ በፊት ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። የትኛዋን ፍሬም ነው የምንልከው? ባለቤቷስ አይታታለች? ሁለተኛውን መመለስ ያልቻለ፣ ሌላ ኤዲተር ይፈልግ።