62 ዓመት የጠበቁ ደጋፊዎች

በስፖርት ቀናችን በአርሰናል፣ በማንቸስተርና በቼልሲ ማልያዎች መካከል አንዳንዴ እጅጌ የሌለው፣ ሰማያዊ ሆኖ ደረቱ ላይ ቀይና ነጭ መስመር ያለበት ማልያ ብቅ ይላል። የሚለብሱት ልጆች ጥቂት ናቸው። ማልያውን የላከላቸው ሜልቦርን የሚኖር አጎት፣ ወይም ቀድማ የሄደች እናት ናት። ጓደኞቻቸው «ይሄ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ነው?» እያሉ ይስቁባቸዋል። እኛ ግን የእነዚህ ልጆች ክለብ በዚህ ግቢ ስሙ ከሚጠራው ክለብ ሁሉ የበለጠ ለተማሪ የሚሆን ታሪክ አለው እንላለን። «ልጄን ከትምህርቱ የሚያዘናጋ ነገር አታበረታቱብን» ያሉን ወላጆች ስላሉም ምክንያታችንን በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ማስረዳት ፈለግን።

ክለቡ ዌስተርን ቡልዶግስ ይባላል። ጨዋታው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1859 ሜልቦርን ውስጥ ተጻፈ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሞላላ ሜዳ ላይ ከየቡድኑ 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱም ሞላላ ነው፤ ሲነጥር ወዴት እንደሚሄድ ፈጣሪ ብቻ ያውቃል። በእግር ይመታል፣ በጡጫ እየመቱ ይቀባበሉታል፣ በእጅ ይያዛል። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች ቆመዋል። ኳሱ ተመትቶ በመካከለኞቹ ሁለት መካከል ካለፈ 6 ነጥብ፣ በዳርና በመካከለኛው ቋሚ መካከል ካለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል። ለሳተም አንድ ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ ሌላ አናውቅም። እኛ መምህራን ይህን ስንሰማ በልባችን ደስ ብሎናል፤ አካሄዱ ትክክል ሆኖ መልሱ ለተሳሳተ ተማሪ ከፊል ነጥብ እንደመስጠት ነው።

የክለቡ መነሻ ፉትስክሬይ ነው። በሜልቦርን ምዕራብ በኩል ያለ፣ የፋብሪካና የወዛደር ሰፈር የነበረ፣ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ስደተኛ በየተራው ያረፈበት ቦታ። ዛሬ እዚያ ሰፈር የሄደ ሰው እንጀራ ፍለጋ አይቸገርም፤ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች በረድፍ ከፍተዋል። ስለዚህ የኛ ልጆች ይህን ክለብ ያገኙት በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይደለም። የዘመዶቻቸው ሰፈር ክለብ ስለሆነ ነው።

ይህ ክለብ ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በ1925 ነው። በ1954 ሜልቦርን የተባለውን ክለብ 102 ለ51 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ለነገሩት እንኳ ይከብዳል። በ1961 ለፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ለፍጻሜ የሚያሳልፈውን ጨዋታ ሰባት ጊዜ ተጫወተ፤ በ1985፣ 1992፣ 1997፣ 1998፣ 2008፣ 2009 እና 2010። ሰባቱንም ተሸነፈ። ከሁሉ የከፋው የ1997ቱ ነው ይላሉ የቆዩት ደጋፊዎች። እረፍት ሲወጡ በሰፊ ልዩነት ይመሩ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን አደሌድ በሁለት ነጥብ አሸንፎ ወጣ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ቶኒ ሊቤራቶሬ የመታትን ኳስ ጎል ናት ብሎ ጨፍሮ ነበር፤ ዳኛው ግን አንድ ነጥብ ብቻ ሰጠ። ያቺን ኳስ እስከ ዛሬ «ገብታ ነበር» እያሉ የሚከራከሩ ሽማግሌዎች አሉ።

ከሽንፈቱ ሁሉ የከበደው ግን ሜዳ ላይ የደረሰው አልነበረም። በ1989 መገባደጃ ክለቡ በዕዳ ምክንያት ከፊትዝሮይ ክለብ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ሊጠፋ እንደሆነ ተነገረ። ደጋፊው በሬዲዮ ነው የሰማው ማለት ይቻላል። አንዲት ደጋፊ ፍርድ ቤት ሄዳ ጉዳዩ እንዲዘገይ አደረገች። ሌሎቹ ቆርቆሮ ይዘው በየመንገዱ መብራት፣ በየገበያው፣ በየሰው በር ሳንቲም ለመኑ። የሰፈሩ ሕዝብ ሀብታም አይደለም፤ ያዋጣውም ከቀለብ የተረፈውን ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክለቡ ዳነ። እድርና እቁብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እንዲህ ያለው ነው። ፊትዝሮይ ግን ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1996 መጨረሻ፣ ከብሪስቤን ጋር ተዋህዶ ከሊጉ ወጣ። የዚያ ክለብ ደጋፊዎች ያለቀሱትን ለቅሶ ቡልዶግሶች ለትንሽ አመለጡት።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ግቢ አንድ ነገር ብንል ይፈቀድልን። ልጆቻችን ክለብ ሲቀይሩ እያየን ነው። አምና የአንዱ ቡድን ደጋፊ የነበረ ልጅ ቡድኑ ሲዳከም ዘንድሮ የሌላው ሆኖ ይመጣል፤ ሲጠየቅም «ያኛው አይረባም» ይላል። ከዚህ የባሰው ከግቢው ውጭ ያለው ውርርድ ነው። በስልክ የሚወራረድ ወጣት ክለብ የለውም፤ የሚያየው የትኛው እንደሚያሸንፍ ብቻ ነው። ክለብን እንዲህ የለመደ ልጅ ጓደኛን፣ ትምህርትን፣ ነገም ትዳርን በዚሁ ሚዛን እንዳያይ እንሰጋለን። ሽንፈትን መውደድ አለበት አላልንም፤ ማንም አይወደውም። በፉትስክሬይ ግን አባት የአባልነት ክፍያውን በየዓመቱ ሲከፍል፣ ልጁም ከሱ ሲወርስ፣ ዋንጫ ሳያዩ የሞቱ አያቶችም መሐረባቸውን ለልጅ ልጅ ሲተዉ ኖረዋል። ይህንን ልጆቻችን ቢያዩት ምን ይጎዳል?

ከዚያ 2016 መጣ። ቡልዶግስ መደበኛውን ውድድር ያጠናቀቀው በ7ኛ ደረጃ ነበር፤ ከዚያ ደረጃ ተነሥቶ ዋንጫ የወሰደ በዚህ የማጣሪያ ሥርዓት አልነበረም። አምበሉ ቦብ መርፊ ገና በውድድሩ መጀመሪያ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጥቷል። ቡድኑ ወደ ፐርዝ ተጉዞ ዌስት ኮስትን በ47 ነጥብ አሸነፈ። ቀጥሎ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ዋንጫውን ይዞ የቆየውን ሃውቶርንን ጣለ። ስምንተኛውን ለፍጻሜ የሚያሳልፍ ጨዋታ ሲድኒ ላይ በ6 ነጥብ ብቻ አለፈ። ጥቅምት 1 ቀን በሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ 99,981 ሰው ፊት የሲድኒን ቡድን 89 ለ67 ረታ። በእኛ ሰዓት ጨዋታው የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት 1፡30 ላይ ነው፤ ዕለቱም መስከረም 21፣ ግሸን ማርያም ነበረች። እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሜልቦርን ያሉ ልጆቻቸው በስልክ እያለቀሱ አገኟቸው፤ መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ ቀን ሁሉ የምንወደው ከጨዋታው በኋላ የሆነውን ነው። አሰልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ከገባለት በኋላ ያልተጫወተውን አምበል መርፊን ወደ መድረኩ ጠርቶ ሜዳሊያውን አውልቆ አጠለቀለት። በሜዳው ላይ ካሸነፉት አንዱ ደግሞ ቶም ሊቤራቶሬ ነበር፤ በ1997 ጎሉ ያልተቆጠረለት የዚያ ሰው ልጅ።

ተረት ቢሆን እዚህ ያበቃ ነበር። ስፖርት ግን በየመጋቢቱ እንደገና ይጀምራል። በ2021 ቡልዶግስ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። በበሽታው ምክንያት ጨዋታው ከሜልቦርን ወጥቶ ፐርዝ ላይ ተደረገ፤ ደጋፊውም ቤቱ ተዘግቶበት በቴሌቪዥን ተመለከተ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በ19 ነጥብ እየመራ ነበር። ያለቀው 140 ለ66 ነው፤ ተሸንፎ። ያሸነፈውም በ1954 የረታው ያው ሜልቦርን ሲሆን፣ እሱም 57 ዓመት ጠብቆ ነበር። የሌላው ረጅም ጥበቃ በአንተ ላይ ሲያበቃ መራራ ነው። ቢሆንም የ62 ዓመት ጠባቂ የ57 ዓመቱን ደስታ ካልተረዳ ማን ይረዳል?

ስለ ሊጉ አሠራር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በአውሮፓ ሀብታም ክለብ ጥሩ ተጫዋቾችን ይገዛል፣ ደካማው ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። በአውስትራሊያ ሊግ የሚወርድ የለም። ለደመወዝ ጣሪያ አለው። በየዓመቱ መጨረሻ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች ሲመደቡ ደግሞ መጀመሪያ የሚመርጠው በሰንጠረዡ ግርጌ የቀረው ክለብ ነው። ክፋት የለውም አንልም፤ ይህን ዕድል ለማግኘት ሆን ብለው ይሸነፋሉ የሚል ወቀሳ በተለያየ ጊዜ ተነሥቷል። ሐሳቡ ግን ለኛ ለትምህርት ሰዎች ጥያቄ ያቀርባል። እኛ ካርድ በምንሰጥበት ቀን ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው «ከክፍል ስንተኛ ወጣ?» ብቻ ነው። አንደኛ ለወጣው ሽልማት አለ፣ ጭብጨባ አለ። አርባኛ ለወጣው ያለው ቁጣ ነው። ጥሩውን መምህር፣ የፊተኛውን ወንበር፣ ተጨማሪውን ሰዓት መጀመሪያ ለመጨረሻው ልጅ ብንሰጥስ? በዚህ ዓመት በሁለት ክፍሎች ሞክረነዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሁሉም ክፍሎች እናደርገዋለን። ቅር የሚላቸው ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ በራችን ክፍት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። አንድ አባት «ያ አገር ጥቁር ተጫዋች የሚሰደብበት ነው፣ ልጄ ለምን ይውደደው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው እውነት አለው። አዳም ጉድስ የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ሁለት ጊዜ የወሰደ፣ በ2014 የዓመቱ አውስትራሊያዊ ተብሎ የተመረጠ ሰው ነው። ዘረኝነትን ስለተናገረ በ2015 ከሜዳ ሜዳ ሕዝቡ በጩኸት አሳደደው። በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ፤ ለደጋፊው የሚደረገውን የስንብት ዙር እንኳ ሳይዞር። ሊጉና 18ቱም ክለቦች ይቅርታ የጠየቁት በ2019 ነው፤ ዘግይተው። የደጋፊ ዝቅተኛው ቀን ቡድኑ የተሸነፈበት ቀን አይደለም እንላለን። የራሱን ማልያ የለበሰ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሌላውን ሲሳደብ፣ እሱ ዝም ያለበት ቀን ነው። ልጆቻችን ወደዚያ ስታዲየም የሚገቡ ከሆነ ይህንን አውቀው ይግቡ፤ አጠገባቸው ያለውን «ተው» ማለት የሚችሉ ሆነው ይግቡ።

ለዚያ አባት ሌላም መልስ አለን። አሊር አሊር የተባለው ተጫዋች የተወለደው እዚሁ ኬንያ፣ ካኩማ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ስሙን የማያውቅ የጨዋታው ተከታታይ የለም። በ2013 ለኖርዝ ሜልቦርን የተሰለፈው ማጃክ ዳው የካርቱም ልጅ ነው፤ ሱዳን ተወልዶ በሊጉ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው። ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ የሆነው ቡኩ ካሚስም የቡልዶግስን ማልያ ለብሷል። ጨዋታው የእነሱ ብቻ ነው የሚለውን እነዚህ ልጆች በእግራቸው መልሰውታል። ቪዛ እየጠበቁ ከኛ ጋር የሚማሩ ልጆችም አንድ ቀን በዚያ አገር ትምህርት ቤት ሰኞ ጠዋት ሲገቡ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ልጅ «ቅዳሜ እንዴት አየኸው?» ማለት ቢችሉ ትንሽ ነገር አይደለም። አባቱን ለሦስት ዓመት ያላየ ልጅ በስልክ ስለ ውጤት ሲከራከር ሰምተናል። ስለ ናፍቆት ቢያወሩ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ ስለ ዳኛው ሲያወሩ ግን ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ።

አንድ ቤተሰብ ከሜልቦርን ሁለት ሞላላ ኳሶች ልኮልናል። ከሚቀጥለው ተርም ጀምሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የቤት ሥራውን ያስረከበ ተማሪ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ ከስፖርት መምህሩ ጋር መሞከር ይችላል። ሜዳችን ሞላላ አይደለም፤ ኖራ አስምረን እናበጀዋለን። የጎደለን ቋሚ ነው። ለሁለቱ ጫፎች ስምንት ያስፈልጋሉ። ረዘም ያለ የባሕር ዛፍ አጣና ያለው ወላጅ ካለ ለጽሕፈት ቤታችን ያሳውቅልን፤ ባሕር ዛፉም ቢሆን ወደኛ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው።