በማመልከቻ ላይ ያለ ሰው ሸሽቶ የቀረ አይደለም



ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባብያን አምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ በከተማችን በአሰላ በዓይኔ ያየሁት ጉዳይ ነው። ነገሩ የአንድ ቤት ቢመስልም፥ ልጁን ወደ አሜሪካ የላከውን ቤት ሁሉ፥ ይልቁንም የሕዝብን ማስረጃ ጽፎና ማኅተም አድርጎ የሚሰጠውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚመለከት ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአንድ ወንበር ተቀምጠን የተማርን ባልንጀራ አለኝ። እርሱ በትምህርቱ ገፍቶ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በዚያም ማስተርስ ተቀብሎ በመሐንዲስነት ተቀጠረ። ወላጆቹ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ባለፈው ክረምት እናቱ ወደ ቤቴ መጡና «ልጄ፥ የወንድምህ ቪዛው ካለፈ ቆይቷል፥ ፖሊስም ይፈልገዋል ይሉኛል፤ እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ወሬውን ያመጣው አንድ ደላላ ነበር። ይኸው ሰው «አዲስ አበባ ሆኜ ቪዛውን አሳድስለታለሁ» ብሎ አባትየውን ሁለት የእርሻ በሬ አሸጣቸው። ከዚያ ወዲህ ደላላውም ገንዘቡም አልታዩም። ልጁ ግን በዚያው ሰዓት በሕጋዊ ፈቃድ ሥራው ላይ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ የስሕተቱን ሥር ልግለጽ። በፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ቪዛ ወደ አገሩ በር ለመቅረብ የሚያስችል ፈቃድ ነው። ሰውዬው ከገባ በኋላ የሚቀመጥበትን ጊዜ የሚወስነው ግን አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው። ፈቃዱ ሲራዘም አዲስ ቀን የሚጻፈው በዚህ ላይ እንጂ በፓስፖርቱ ላይ አይደለም። ባልንጀራዬ የገባው በተማሪነት ስለ ነበር በፓስፖርቱ ያለው ቪዛ የተማሪ ነው፤ ቀኑም ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። ይህን ያየ ሰው ሕግ አፍርሷል ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ተሳስቷል።

የሠለጠነ ባለሙያ የሚቀጠርበት ፈቃድ ኤች ዋን ቢ ይባላል። የዛሬውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ለአዲስ ገቢዎች በዓመት የተመደበው ቁጥር 65,000 ሲሆን፥ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ 20,000 ይጨመራል። ማመልከቻውን የሚያቀርበው አሠሪው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። መጀመሪያ እስከ ሦስት ዓመት ይፈቀዳል፤ ቀጥሎም ይራዘማል፤ በጠቅላላው ግን ስድስት ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ችግር ይነሣል። አሠሪው ሠራተኛው በቋሚነት እንዲቀርለት ቢፈልግ ግሪን ካርድ ይጠይቅለታል። ይህም እንደ ወትሮው በሦስት ደረጃ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ ለሥራው ፈቃደኛና ብቁ የሆነ አሜሪካዊ አለመገኘቱን የሥራ ሚኒስቴሩ ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ አሠሪው አይ-140 የተባለውን ያቀርባል፤ በመጨረሻም ተራው ሲደርስ ሠራተኛው ራሱ በአይ-485 ያመለክታል። በሥራ በኩል የሚሰጠው ግሪን ካርድ የትዳር ጓደኛና ልጆች ጭምር ተቆጥረው በዓመት 140,000 ያህል ነው፤ በአንድ አገር የተወለዱ ሰዎችም በመደበኛው ከመቶ 7 እጅ በላይ አይወስዱም። ስለዚህ በሕንድ የተወለዱት ከአሥር ዓመት በላይ ሲጠብቁ ይታያል። የእኛ ሰዎች ወረፋ ከእነርሱ አጭር ቢሆንም፥ ስድስቱ ዓመት ማመልከቻው ሳያልቅ የሚያልቅበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ሥራውን ጥሎ ይውጣ ወይ? የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የሥራ ሚኒስቴሩ ማረጋገጫ ወይም አይ-140 ከተጠየቀ 365 ቀን ያለፈው እንደ ሆነ፥ ፈቃዱ ከስድስት ዓመት በላይ በየአንድ ዓመቱ ይራዘማል። አይ-140 ጸድቆ በአገር ኮታ ምክንያት ተራው ያልደረሰ እንደ ሆነ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ይራዘማል። ማራዘሚያው ቀኑ ሳያልፍ ከተጠየቀ፥ መልሱ ቢዘገይም ሠራተኛው በዚያው አሠሪ ዘንድ እስከ 240 ቀን መሥራት ይችላል። እንግዲህ ባልንጀራዬ ስምንተኛ ዓመቱን በሥራ ላይ የቆየው በዚህ ሕግ ነው እንጂ ተደብቆ አይደለም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለአዲስ የኤች ዋን ቢ ማመልከቻ 100,000 ዶላር እንዲከፈል ባዘዙ ጊዜ በብዙ ቤት ድንጋጤ ሆኖ ነበር። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በቀጣዩ ወር ባወጣው ማብራሪያ ግን በአገሩ ውስጥ በሕግ ተቀምጠው ማራዘሚያ የሚፈቀድላቸውን እንደማይመለከት ገልጿል። በወሬ ከመሮጥ በፊት ትእዛዙን ማንበብ እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን።

ይህን ስል ኑሮው የተደላደለ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራውን ያጣ እንደ ሆነ ሌላ አሠሪ የሚፈልግበት ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። አይ-485 ገብቶ 180 ቀን እስኪሞላው ድረስ አሠሪውን ቢለውጥ የደከመበትን ሊያጣ ይችላል። እናቱ ቢታመሙበት መጥቶ ለመመለስ በኤምባሲ በኩል አዲስ ቪዛ ማግኘት፥ ወይም አስቀድሞ የተፈቀደ የጉዞ ወረቀት መያዝ አለበት፤ ያለዚያ ተመልሶ መግባት አይችልም። እማማ «ለምን መጥቶ አያየኝም?» ሲሉ መልሱ ይህ ነበር። ፍቅር አንሶት አይደለም።

በውጭ አገር ሕግ ላይ ከመፍረዳችን በፊትም የራሳችንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1967 ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ አሰላ ላይ በተጀመረ ጊዜ፥ የስዊድን ባለሙያዎች በመካከላችን ተቀምጠው በዘርና በከብት እርባታ አስተምረውናል። ዛሬም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለውጭ አገር ዜጋ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። አገር ሁሉ በሩን ይጠብቃል። ፈቃዱን ሊያሳድስ በመሥሪያ ቤታችን በር የሚቆመውን የውጭ ሰው ወንጀለኛ እንደማንለው ሁሉ፥ በዚያ የሚጠብቀውን ወንድማችንንም ልንለው አይገባም።

ሌላም ስሕተት አለ። ብዙ ሰዎች ግሪን ካርድ የተቀበለ ዜግነቱን ለወጠ ይላሉ። አይደለም። ግሪን ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ የያዘውም ሰው ኢትዮጵያዊነቱ እንዳለ ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ዜግነቱን እንደ ተወ የሚቆጠረው በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ እንደ ሆነ ነው፤ ይህም እንደ ወትሮው ግሪን ካርዱን ከያዘ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልመናዬ ልምጣ። የባልንጀራዬ ማመልከቻ የዘገየው በአሜሪካን ወረፋ ብቻ አይደለም። ከእኛ ዘንድ በሄደ ወረቀትም ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ከተወለድነው ብዙዎቻችን የልደት የምስክር ወረቀት የምናወጣው ሲያስፈልገን ነው። እርሱ የተወለደው በኅዳር 1983 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር 1990 መሆኑ ነው። ጸሐፊው ግን ስምንት ዓመት ደምሮ 1991 ብሎ ጻፈ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለፈ ጥቂት ቀን ድረስ የሚደመረው ሰባት እንጂ ስምንት አለመሆኑን ማንም አላየለትም። ደግሞ አሰላ በፓስፖርቱ በሁለት ኤስ፥ በምስክር ወረቀቱ በአንድ ኤስ ተጻፈ። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ይህን አይቶ «ተጨማሪ ማስረጃ አቅርብ» ብሎ ጻፈ። እኔም በእርሱ ፈንታ ከቢሮ ወደ ቢሮ ስመላለስ አራት ወር ሄደ፤ የተሳሳተው መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ ምስክር እንዳመጣ የተጠየቅሁት ግን እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ለመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼና እኅቶቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ በላቲን ፊደል ስም ከመጻፋችሁ በፊት ፓስፖርት ካለ ጠይቁና እንዳለ ገልብጡ። ሁለተኛ፥ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር ስትጽፉ ወሩን አይታችሁ ደምሩ። ሦስተኛ፥ ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ እርማቱም የመሥሪያ ቤቱ ይሁን፤ ባለጉዳዩ በሌላ ሰው እጅ ስሕተት አይንከራተት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄን ብቻ ይጠይቃል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። የሥራ ፈቃድ የሚራዘመው አሠሪው በዚያው በአሜሪካ ሲያመለክት ነው። አዲስ አበባ ወይም አሰላ ተቀምጦ የሚያራዝም ደላላ የለም። እንዲህ የሚል ሰው በር ሲያንኳኳ በሬ ከመሸጥ በፊት ለልጃችሁ ስልክ ደውሉ።

የባልንጀራዬ አባት ዘንድሮ ያረሱት በጎረቤት በሬ ነው። ልጁ ግሪን ካርዱን ገና አላገኘም፤ ማራዘሚያው ግን ለአንድ ዓመት ተፈቅዶለታል። እናቱም አሁን ወሬ ሲመጣባቸው «ልጄ በማመልከቻ ላይ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአሰላ